ቴስታታውን ተወው፣ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይር

አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ጽፎልኛል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ቴስታታ የሚለው ከሞተሩ ብሎክ ላይ የሚቀመጠው ጭንቅላቱ ነው፣ ጋስኬቱ በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ቴርሞስታት ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፍ በር።

«ጋሼ፣ ከአጎቴ የወረስኩት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። 1982 እ.ኤ.አ. የተሠራ ኬኢ 70 ነው፣ ሞተሩ 4ኬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳድሰው ቆየሁ። ቦዲው ተልጦ ቀለም ተቀባ፣ ቸርኬ ቀየርኩ፣ ዝቅ አደረግኩት፣ ፊቱ ላይ አራት ፎግ ላይት አስገጠምኩ። የሞተሩም ክፍል እንዲያምር ትርፍ ዕቃ ሁሉ አወጣሁ። ችግሬ ሙቀት ነው። በፈጣን መንገዱ አዳማ ስሄድ ምንም አይልም። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጌ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ጌጁ ቀይ ይነካል። ስቆም ውሃውን ይተፋዋል። በየጠዋቱ አንድ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጠዋት ሳየው እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ አገኘዋለሁ። አንድ ጋራዥ የቴስታታ ጋስኬት ሁለቴ ቀየረልኝ፣ ቴርሞስታቱንም አውጥተው ጣሉት። አሁን ደግሞ ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ሌላ ግዛ ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ? ወይስ ትልቅ ራዲያተርና የኤሌክትሪክ ፋን ላስገባ?»

ወንድሜ፣ ቴስታታ አትግዛ። ራዲያተርም አትግዛ። የራዲያተሩን ክዳን ቀይር።

አትሳቅ። ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔን የያዘው እንጦጦ አይደለም። ያ የተጣበቀው ጎማ ነው። የተሰነጠቀ ቴስታታ ጎማ አያጣብቅም። እንዲያውም የሲሊንደሩን ጋዝ ወደ ውሃው እየገፋ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ጠዋት ሳይቀር ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያንተ ተቃራኒው ነው። ውሃው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ግን የለም። ስለዚህ ጎማው ራሱ ይጠባል። መግቢያው በር የት ነው? ክዳኑ ላይ። ያ በር ተጣብቋል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ያንን ክዳን እንዳትከፍት። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ የሚባል ነገር የለም። ግራ ክንዴ ላይ ከክርኔ እስከ አንጓዬ የሚሄድ ጠባሳ አለኝ። 19 ዓመቴ ነበር፣ አለቃዬ «ቶሎ በል» ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ፀጉር አያበቅልም።

አሁን ስለ ክዳኑ። ይሄን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ፣ ታገሠኝ።

ደብረ ብርሃን ያለች እናት ባቄላ ስትቀቅል ድሬዳዋ ካለችው ይልቅ ብዙ ማገዶ ትጨርሳለች። እሳቱ አንሶ አይደለም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ትንሽ ነው። ስለዚህ ውሃው ገና ሳይግል ይፈላል። ከፈላ በኋላ ደግሞ የቱንም ያህል ብታነድ ሙቀቱ አይጨምርም፣ ይተናል እንጂ። ባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ ነው። አዳማ 94። አዲስ አበባ 92። እንጦጦ ጫፍ ስትደርስ 90 ነው።

አሁን ወደ መኪናህ። የ4ኬ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ በ80ዎቹ ውስጥ ይውላል፣ ዳገት ላይ 90ን ያልፋል። ያ በሽታ አይደለም፣ ሥራው ነው። ግን እንጦጦ ላይ ክፍት ውሃ በ90 ይፈላል ብያለሁ። ታዲያ ጤነኛ መኪና እንጦጦን እንዴት ይወጣል? በክዳኑ ነዋ! ክዳኑ ልክ እንደ ወጥ ቤቱ ፕሬዠር ድስት ነው። ላዩ ላይ 0.9 ተብሎ ይጻፋል፣ በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ማለት ነው። ከውጪው አየር በላይ ይህን ያህል ግፊት እስኪጠራቀም ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። በዚያ ግፊት የአዲስ አበባ ውሃ 114 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይፈላም። በ92 እና በ114 መካከል ያለው 22 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ የክዳኑ ሥራ ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ካለህ ግን እንጦጦን የምትወጣው ክፍት ድስት ይዘህ ነው።

ግፊቱ ከ0.9 ሲያልፍ ትልቁ ስፕሪንግ ይነሳና ትርፉ ውሃ በቀጭኗ ጎማ ወደ ፕላስቲክ መያዣው ይሄዳል። ማታ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ መሃል ያለችው ትንሽ በር ተከፍታ ያንኑ ውሃ መልሳ ትስበዋለች። ቆንጆ ሥራ ነው። ማንም ስለማያየው ማንም አያደንቀውም።

ያንተ ክዳን በሁለቱም ወገን ሞቷል ባይ ነኝ። ስፕሪንጉ ደክሞ ቶሎ ይለቃል፣ የመሃሏ በር ደግሞ ተጣብቃ አትመልስም። በዚያ ላይ «ትርፍ ዕቃ ሁሉ አወጣሁ» ብለሃል። ያቺ የፕላስቲክ ውሃ መያዣ አብራ ወጥታለች አይደል? ገምቻለሁ። ልጆች የሞተር ክፍል ሲያጸዱ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት፣ መልኳ ቢጫ ስለሆነ። እሷ ከሌለች የተተፋው አስፋልት ላይ ይቀራል። ጠዋት አንድ ሊትር ትሞላለህ፣ ቀን ሲሞቅ ውሃው ይሰፋል፣ ትርፉን ይተፋል። በማግስቱ እንደገና። መያዣዋን መልሳት። የራሷ ባትገኝ የሌላ መኪና ግጠም፣ ጎማዋ ግን ከመያዣው ሥር ድረስ ይግባ፣ ያለዚያ የሚስበው አየር ነው።

ክዳኑን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግህም። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አውጣው። መሃል ያለችውን ትንሽ ክብ በጥፍርህ ሳብ። በቀላሉ ተነስታ ተመልሳ መቀመጥ አለባት። ካልተነሳች ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ ክዳኑን ገልብጠህ ትልቁን ስፕሪንግ በአውራ ጣትህ ተጫን። መታገል አለበት። እንደ እስክሪብቶ ቁልፍ ቱስ ካለ ጣለው። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ላይ የራዲያተሩ አንገት ጠልቆ ከታተመበት ወይም ከተሰነጠቀም ጣለው።

ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ። ገበያው ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ ርካሽ ክዳን ሞልቷል። ቁጥሩን ማተም ቀላል ነው፣ ስፕሪንጉን መሥራት ነው የሚከብደው። ባለፈው ክረምት እጄ ላይ ከገቡ አራት አዲስ ክዳኖች ሦስቱን በአውራ ጣቴ ብቻ ፈትኜ መልሻለሁ። ሌላው ጣጣ ቁመቱ ነው። አንዳንዱ ክዳን አፉ ላይ በደንብ ይገጥምና ስፕሪንጉ ግን ከታች ያለውን መቀመጫ አይነካም። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስተያይ። ሶማሌ ተራ ብትዞር ከተፈታ መኪና የወጣ ኦርጅናል ይገኛል። ከተዘጋ መጋዘን የተረፈ አሮጌ ኦርጅናል ከአዲስ የውሸት ይሻላል ብዬ ነው የምምለው።

ወደ ጋራዡ ልምጣ። ጋስኬቱን ሁለቴ ሲቀይሩ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስደው ቀጥ ማለቱን አዩት? በቶርክ ቁልፍ ነው ያጠበቁት ወይስ በክንዳቸው? የ4ኬ ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም፣ ስለዚህ በግምት ማጥበቅን አይወድም። ተሰንጥቋል ያሉትን ደግሞ ምን አይተው ነው? እንዲህ አድርገህ ራስህ ፈትን። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ይቀዝቅዝ። ክዳኑን አውጣ፣ ውሃውን እስከ አፉ ሙላ፣ አስነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ የታፈነ አየር ነው። ጋዝ በሰጠህ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚንተከተክ ከሆነ ግን ጋስኬት ወይም ቴስታታ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ውሃው መሞቅ ሳይጀምር አጥፋና ክደነው። ከዚያ ዘይት መለኪያውን አውጥተህ እይ፣ የወተት ሻይ መልክ መያዝ የለበትም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላ ፍታና አስተያያቸው። አንዱ ብቻ እንደታጠበ ነጭ ከሆነ ያ ሲሊንደር ውሃ እየጠጣ ነው። ይሄ ሁሉ ከሌለ ቴስታታህ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

ቴርሞስታቱን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ ያለ ክዳን። «ለብርድ አገር የተሠራ ነው» ይሉሃል። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ጠዋት ምን ትመስላለች ታዲያ? ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ከነብርዱ ይነዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። መፍላቱንም ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። አንዴ አንድ ልጅ «ተበላሽቷል» ብሎ ቴርሞስታት አምጥቶ አሳየኝ። ድስት ውስጥ ቀቅሎት ሙሉ በሙሉ አልከፈት አለው። ገልብጬ አየሁት፣ 88 ይላል። 88ቱ መከፈት የሚጀምረው በ88 ነው፣ ጨርሶ የሚከፈተው ከዚያ ከፍ ብሎ። የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ ከ92 አያልፍም! ዕቃው ጤነኛ ነበር። አንተ የ82ቱን ግዛ፣ ከአዲስ ጋስኬት ጋር ግጠም። ቀዳዳ ያለባት ትንሿ ሚስማር ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚያልፈው በእሷ ነው።

ስትሞላ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትጨምር። ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅል። መፍያውን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን አሉሚኒየሙን ከመበላት ማዳኑ ነው። የመኪናውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርግና የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዝ። ሥሩ እንዳትገባ፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግህም። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገህ ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑ ሳይገጠም አስነሳ። ውሃው ሲወርድ እየጨመርክ ተከታተል፣ የላይኛው ጎማ መሞቅ ሲጀምር ክደነው። ከዚያ በኋላ እስኪቀዘቅዝ አይነካም። ጎማውን በእጅህ ጨበጥ አድርግ፣ ከጠነከረብህ ውስጡ ግፊት አለ ማለት ነው። አትክፈት። ውስጥ ያለው ውሃ ከ92 በላይ ሆኖ ያልፈላው ክዳኑ ስለያዘው ነው። ክዳኑን በለቀቅክበት ቅጽበት ሁሉም በአንዴ ይፈላል፣ ወደ ፊትህ።

ይህን ሁሉ አድርገህ እንጦጦ ላይ አሁንም ጌጁ ከወጣ ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ያንተው ጌጣጌጥ ነው። አዳማ መንገድ ላይ በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። እንጦጦ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ግን ያለህ ፋኑ ብቻ ነው። አራት ፎግ ላይት ፊቱ ላይ ደርድረህበታል። በራዲያተሩና በፋኑ መካከል ያለው የፕላስቲክ ከለላስ አለ? እሱም «ትርፍ ዕቃ» ሆኖ ከወጣ ፋኑ ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎን ያገኘውን አየር ይመታል። ከለላውን መልስ፣ ሁለቱን መብራት አንሳ። ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋም እይ፣ በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲ ያህል ብቻ ይርገብ። የራዲያተሩን ቱቦዎች ደግሞ አንድ በአንድ ተመልከት። አንዳንድ በያጅ የሚያፈሰውን ቱቦ ከመጠገን ይልቅ ሁለቱንም ጫፍ በቆርቆሮ ይደፍነዋል። አንድ ጊዜ ከፈታሁት ራዲያተር ስድስት የተደፈኑ ቱቦዎች ቆጥሬያለሁ፣ ባለቤቱ ሦስት ጋራዥ ዞሮ ነው የመጣው። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ዱቄትም እንዳትጨምር፣ የሚደፍነውን ቀዳዳ አይመርጥም።

የኤሌክትሪክ ፋን አያስፈልግህም። ለዚህ 1,290 ሲሲ ሞተር የራሱ ፋን በቂ ነው፣ ከ40 ዓመት በላይ ዳገት ወጥቶበታል።

እስከዚያ መንገድ ላይ ከፈላብህ ዳር ያዝ። ሂተሩን ሙቅ ላይ ክፈት፣ እንፋሎት ካየህ ሞተሩን አጥፋ። ኮፈኑን አንሳና ራቅ በል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ፣ ያን ጊዜ ነው ቴስታታው እውነት የሚሰነጠቀው። ሽሮ ሜዳ ቡና አይጠፋም። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠህ ጠጣ። ክዳኑን የምትነካው ከበረካው በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ አዲሱን ክዳን ከሞተሩ ጋር እንዲሄድ ቀይ ልቀባው ወይ ማለትህ አይቀርም። ቀባው። «ትኩስ ሆኖ አይከፈት» የሚለው ጽሑፍ ያለበትን ቦታ ግን በማጣበቂያ ሸፍነህ።