ሞኖፊላመንት ከሌለ የስኳር ታካሚን እግር በምን እንመርምር?

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ጤና ጣቢያችን ሞኖፊላመንት (የእግር ስሜት የሚመረመርበት ቀጭን የናይሎን ክር) የለውም፣ ታካሚዎቹም «እግሬን ምንም አያመኝም» ይሉኛል፣ ታዲያ የስሜት መቀነስን በምን ልወቅ ነው ያልሽው። የስኳር ክትትል ክፍል ብዙ ስለሠራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ «አያመኝም» የሚለው መልስ አያዘናጋሽ። ነርቩ ሲጎዳ አንዳንዱን ያቃጥለዋል፣ ይጠቀጥቀዋል፣ ሌሊት አንሶላ ሲነካው እንኳ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው ግን ጭራሽ አይሰማውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አንድ አባት ስኳራቸውን ተለክተው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ካልሲዎን ያውልቁልኝ አልኳቸው። «ኧረ ልጄ እግሬስ ደህና ነው» አሉኝ። ካልሲው በደረቀ ደም እግራቸው ላይ ተጣብቋል። እጄን ጫማው ውስጥ ከትቼ ብዳብስ የሶሉ ምስማር ወደ ላይ ወጥቷል። እሱን እየረገጡ ነው ከቤታቸው ድረስ በእግራቸው የመጡት።

ስለዚህ ወረፋው ቢበዛም የሁለቱም እግር ጫማና ካልሲ ይውለቅ። በጣቶቹ መሃል እዪ፣ ተረከዙን እዪ፣ ጫማውንም በእጅሽ ዳብሺው።

ለስሜቱ ደግሞ ጣትሽ ይበቃል። ኢፕስዊች የሚባል የንክኪ ምርመራ አለ፣ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ አገሯ ከተማ ነው። ታካሚው ይተኛና ዓይኑን ይጨፍን። ቀኝና ግራ እግሩን አስቀድመሽ ነክተሽ አስረጂው። ከዚያ በጠቋሚ ጣትሽ ጫፍ የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ የመሃል ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸው ላይ በስሱ ንኪ፣ ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ ብቻ። መጫን፣ ማሸት፣ መኮርኮር የለም። ያልተሰማውን ጣት ደግመሽ አትንኪ። ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበልሽ። ከ6ቱ ጣቶች 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷል ብለሽ ያዢው።

ብዙ ጊዜ የማየው ችግር እየነኩ «አሁን ተሰማዎት?» ማለት ነው። እንደዚህ ከጠየቅሽ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች፣ አንቺን ላለማስከፋት «አዎ ልጄ» ይላሉ፣ ምርመራውም እዚያው ላይ ያበቃል። ዝም ብለሽ ንኪ፣ እነሱ ይናገሩ።

ሞኖፊላመንቱ ሲመጣላችሁ ባለ 10 ግራሙ ነው የሚፈለገው። መጀመሪያ እጃቸው ላይ አሳዪያቸው፣ ከዚያ እግራቸው ላይ ክሩ እስኪጎብጥ ተጫኚ። ቁስል ወይም የጠነከረ ቆዳ ላይ አይደረግም። ክሩም በተደጋጋሚ ሲሠራበት ስለሚላላ አሳርፊው።

ደግሞ ድንዛዜ ሁሉ ከስኳር ነው ብለሽ አትዝጊው። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፣ መጠጥም ነርቭ ይጎዳል። እኛ አገር የሥጋ ደዌም አለ፣ ስለዚህ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቆዳ ካየሽ ለሐኪሙ ንገሪ።

ስሜቱ የቀነሰ ሰው ቤቱ ሄዶ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂው። እግሩ ሲበርደው ከሰል ላይ ያሞቃል? ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል? ሁለቱም ሳያውቀው ያቃጥሉታል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ጫማ ማውለቁ ስለማይቀር ወፈር ያለ ካልሲ ያድርግ፣ ሲመለስ እግሩን ይመልከት። ሙስሊም ከሆነ ከውዱእ በኋላ በጣቶቹ መሃል ያለውን እርጥበት ያድርቅ። ዓይኑ ከደከመ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ማታ ማታ ይይለት፣ እኔ ልጆቻቸውን ክፍል ውስጥ አስገብቼ ነው የማሳያቸው።

ቀጠሮውን በተመለከተ፣ ስሜቱም የደም ዝውውሩም ደህና የሆነ በዓመት 1 ጊዜ ይታይ። ስሜቱ ብቻ የቀነሰ ከ6 እስከ 12 ወር፣ የደም ዝውውር ችግር ወይም የእግር ቅርጽ መበላሸት ከተጨመረበት ከ3 እስከ 6 ወር። ከዚህ በፊት ቆስሎ ወይም ተቆርጦ የሚያውቅ ከሆነ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይምጣ። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ከሌላኛው ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ ግን ባያመውም ቀጠሮ አትስጪው። እንዳይረግጥበት ነግረሽ በዚያው ቀን ሪፈር ጻፊለት።