መልስ፦ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ለምን አብረው ይታዘዛሉ?

ወንድሜ፣ «አባቴ ልቡን ታሞ ሁለቱም ታዘዙለት፤ ሁለቱም ደም ማቅጠኛ ከሆኑ አንዱ አይበቃም?» ብለሃል። እዚህ ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ያሳሳተን ስሙ ነው። ደሙ አይቀጥንም።

ሁለቱም ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ተጣብቀው እንዳይረጉ ይከለክላሉ፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። አስፕሪን ፕላትሌቶች የሚጠራሩበት ትሮምቦክሳን እንዳይመረት ያደርጋል። አንዴ የነካት ፕላትሌት ዕድሜዋን ሙሉ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አታገግምም። ክሎፒዶግሬል ደግሞ ኤዲፒ የሚባለውን መልእክት የሚቀበለውን በር ይዘጋል። አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው እንዳይገባ ነው ነገሩ።

የረጋውን ደም የሚያሟሙት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፦ ስትሬፕቶካይኔዝና አልቴፕሌዝ። በደም ውስጥ ያለውን ፕላዝሚኖጅን የሚባል ፕሮቲን ወደ ፕላዝሚን ይለውጣሉ፤ እሱም ደሙን አስሮ የያዘውን የፋይብሪን መረብ ይበጣጥሳል። በደም ሥር፣ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ይሰጣሉ፤ ጊዜም አይሰጡም። አልቴፕሌዝ ለስትሮክ ሲሰጥ ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሆን አለበት።

ዋርፋሪን የሚባለው መድኃኒት ሌላ ወገን ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳውንና በጎመን ውስጥ በብዛት ያለውን የቫይታሚን ኬን ሥራ ያግዳል። ጎመን አንድ ሳምንት ጠግቦ በልቶ በሌላው መተው የሚያስቸግረው እሱን ነው። አባትህን አይመለከትም፣ ጎመናቸውን ይብሉ።

ብቻ ሐኪሙ ሳያውቅ አንዱንም እንዳያቋርጡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ውስጣቸው እየደማ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው።