ታርጋ ከምን ይሠራል? ለደሴው ወንድማችን መልስ

ሰላም ወንድሜ። «ታርጋ በየአገሩ ከምን ይሠራል? የእኔ ስለደበዘዘ ቀለም ቀቢ ጋ ወስጄ ላድሰው ወይ?» ብለሃል። ኧረ በፍጹም እንዳታስቀባው!

በአብዛኛው ዓለም ታርጋ ስስ አሉሚኒየም ነው። ላዩ ላይ ብርሃን የሚመልስ ፕላስቲክ ይለጠፍበታል። ከዚያ ቁጥሩ በማሽን ተጭኖ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ቀለም የሚያገኘውም ያበጠው ብቻ ነው። ጣትህን ብታሳልፍበት ይታወቅሃል። ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ውስጥ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃዎች አሉ። የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሱታል። ተራ ቀለም ከደረብክበት ይሄ ሁሉ ቀረ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በጉም ስትወጣ የኋላ መብራትህ ቢጠፋ፣ ከኋላህ ያለው ሹፌር መጀመሪያ የሚያየው ታርጋህን ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝ ግን በብዛት አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፤ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቢጫ። ሲጋጭ ይሰነጠቃል እንጂ እንደ አሉሚኒየም አይጎብጥም። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1903 መስጠት የጀመረው እንደ ድሮ የብረት ሳህን ኢናሜል የተቀባ ብረት ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ የኢሊኖይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲጠፋ፣ በ1943 ታርጋ ከአኩሪ አተር በተሠራ ሰሌዳ ተሠራ። ከብትና ፍየል ይበላው ነበር ይባላል!

አንተ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ብቻ እጠበው፤ አሸዋና የብረት መፈግፈጊያ አታስነካው። ቁጥሩ ካልተነበበ ሊብሬህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድና ምትክ ጠይቅ።