ማኅተሙን አስረክብና ጸልይ

ወንድሜ፣ ጌታ ይማርህ። «ጉበቴን ታምሜ ሐኪም እረፍት አዞኛል፣ የአጥቢያው ሥራ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ በጸሎት ተደገፍ ይለኛል፣ እኔ ግን መጸለይ አቃተኝ፣ ባልድንስ?» ነው ያልከው። እኔ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሳለሁ የሳንባ ቲቢ አስተኝቶኝ ስለነበር የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ የአጥቢያውን ማኅተም አስረክብ። አልቀለድኩም። የኛ ማኅተም እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር። መሸኛ ደብዳቤ የሚፈልገው፣ የጋብቻ ወረቀት የሚያጽፈው ሁሉ በሬን ያንኳኳል። ቼክ ላይም ፈራሚ እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታ ሆይ» ስል ፊቴ ድቅን የሚለው የአዳራሹ ቆርቆሮ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለው ጸሎት ሳይሆን ስብሰባ ነው። በኋላ ባለቤቴ ማኅተሙን በፌስታል ጠቅልላ ለምክትሉ ላከችለት። እኔን አላማከረችም፣ ተባረኪ!

በጸሎት መደገፍ ሲባል ብዙ መጸለይ ይመስለናል። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ምን ያህል ይጸልያል? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ሳሉ ይቀድምሃል። ያዕቆብ 5፥14 የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ይጥራ ነው የሚለው፤ ሽማግሌ ሲታመም ግን አይጥራ አይልም። ስንቱን ዘይት ቀብተን ጸልየንለት የኛ ተራ ሲደርስ እናፍራለን።

ከሴቶች የጸሎት ቡድን አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ይመጡ ነበር። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ መስኮቱን ቧ አድርገው ከፍተው፣ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና አንድ መዝሙረ ዳዊት ያነባሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል ጸልየው ውልቅ። የኔ ድርሻ «አሜን» ማለት ብቻ ነበር። መጸለይን እንደገና የጀመርኩት በዚያች አሜን ነው። (አልጋ ሥር ቆመው ሰዓት ሙሉ የሚጮኹትን ደግሞ ባለቤትህ በዘዴ ትሸኝልህ።)

መድኃኒትህን እንዳትተው። «አምነህ ጣለው» የሚል አይጠፋም፣ እኔም ጋ መጥቶ ነበር። የኔን በሽታ ብንወስድ፣ የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ችግሩ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሻል ስለሚለው ድኛለሁ ብሎ ያቆማል፣ በሽታውም መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፣ ያኔ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ የከበደ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አድርጉ አለ። ሁለቱም እዚያው ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ላይ አሉ።

«እኔ ከሌለሁ አጥቢያው ይበተናል» ላልከው፣ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን አስብ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት መሪዎቿ ታሰሩ፣ ሕንፃዎቿ ተወረሱ። ምዕመኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጸለየ። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበረው አባል ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ነበር። አንተ የተኛኸው አልጋ ላይ ነው፣ ስልክም አለህ። ሦስት አራት ሰው ምረጥና ያለህበትን ሳትሸፋፍን ንገራቸው። «ደህና ነኝ፣ ጌታ መልካም ነው» ብቻ እያልክ ከላክህማ ስለምን ይጸልዩልህ?

ባልድንስ ያልከው ከባድ ነው። ጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ትቶት ሄዷል፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20። ስለ እምነቱ ማነስ አንዲት ቃል አልጻፈበትም። ኃጢአት ፈልፍሎ ሊያወጣብህ የሚመጣውን ሰው ሻይ አጠጥተህ ሸኘው እንጂ አትከራከረው፣ ጉልበትህን ይጨርሰዋል።

እኔ ዛሬ ድኛለሁ፣ ሰብሳቢነቱን ግን አልተመለስኩበትም። ምክትሉ ይሻላል፣ በተለይ ስብሰባ ቶሎ ይጨርሳል።