ሕዝቡም እሳቸው፣ ከንቲባውም እሳቸው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሰሞኑን የመንገድ ዳር ሰሌዳ ፎቶ ላከልኝ። «ሞኖዋይ 1» ይላል። እሱ «የነዋሪው ቁጥር ነው» አለ፣ እኔ «የቀረው ርቀት ነው» አልኩ፤ በማኪያቶ ተወራረድን። ማን ነው ልክ? አንድ ሰውስ እንዴት ከተማ ይሆናል?
(ከገርጂ)

መልስ፦ ማኪያቶው ያንተ ዕዳ ነው። ቁጥሩ ነዋሪው ነው።

እኔም ትልቋ ከተማ ኦማሃ ስኖር፣ ሞኖዋይ እዚያው ነብራስካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ስለሆነች አንድ ቀን ላያት ሄድኩ። ሰሜን ምሥራቅ ነብራስካ ናት፣ ሳውዝ ዳኮታ ድንበር አጠገብ፣ በሚዙሪና በናዮብራራ ወንዞች መሃል። ሜዳ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሣር የለበሰ ኮረብታ ነው። ከብት አለ፣ ሰው የለም። ስደርስ መጠጥ ቤቱ ዝግ ነበር። ሌላ የሚከፈት ነገር ስለሌለ ከተማው በሙሉ ዝግ ነው ማለት ነው። ጣሪያቸው የሰመጠ ቤቶችንና ቀለሙ የተላጠ ቤተክርስቲያን አይቼ ተመለስኩ። ስፋቷ 54 ሄክታር ገደማ ነው። በኛ ጋሻ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠርልኝ። ሞኖዋይ በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር ተቆረቆረች። በ1930ዎቹ 150 ሰው ነበራት፤ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ እስር ቤት ሳይቀር። ከዚያ እርሻው የማሽን ሆነ። የብዙ ሰው ሥራ ለአንድ ትራክተር ሲያንስ ልጆቹ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዱ። ትምህርት ቤቱ በ1974 ተዘጋ። በ1980 ቆጠራ 18፣ በ1990 6፣ በ2000 2 ሰው ቀረ። ሁለቱ ባልና ሚስት ነበሩ። ባል በ2004 አረፉ።

ወይዘሮ ኤልሲ አይለር ብቻቸውን ቀሩ። ከንቲባ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉንም እሳቸው ያዙት። የመጠጥ ፈቃዱን ጠያቂም ፈራሚም እሳቸው ሆኑ። ለአራት የመንገድ መብራቶች የመንግሥት ገንዘብ እንዲመጣ በየዓመቱ የመንገድ ዕቅድ ማቅረብም ነበረባቸው። የባለቤታቸውን 5,000 ያህል መጻሕፍት ደግሞ ቤተ መጻሕፍት አደረጓቸው። (እኔ እሱን ለማየት ነበር የሄድኩት፤ አልሆነም።)

«እንዴት ከተማ ይሆናል?» ላልከው፣ በሕጉ ስሟ «መንደር» ነው። ከተማ ያልናት እኔና አንተ ነን። አንዴ በሕግ የተቋቋመ መንደር ሰው ስላነሰው ብቻ ወዲያው አይፈርስም።

አሁን ወንድምህ ምናልባት ያልሰማውን ልንገርህ። በ2020 ቆጠራ የሞኖዋይ ሕዝብ 2 ተብሎ ወጣ። ወይዘሮ ኤልሲ ሁለተኛውን ሰው አያውቁትም። የቆጠራ ቢሮው ተሳስቶ አይደለም፣ ሆን ብሎ ነው። አስበው፤ አንድ ሰው ብቻ ያለበትን ቦታ የነዋሪ ዕድሜና ዘር ካተምክ የአንዲት ሴት ገመና አወጣህ። ስለዚህ ትንንሾቹን ቁጥሮች ትንሽ ያዛባቸዋል፤ እዚህ አንድ ይጨምራል፣ እዚያ አንድ ይቀንሳል። የክፍለ ግዛቱ ድምር ግን አይነካም። ኦማሃ ላይ አንድ ሰው ቢጨመር ማን ልብ ይላል? ሞኖዋይ ላይ ሕዝቡ እጥፍ ሆነ።

እና ወንድምህ ሲደውል «ሁለተኛው ማነው?» በለው። ካልመለሰ ሒሳቡን እኩል ክፈሉ።