መልስ፦ ቀይ ኮከብ ይበልጥ ይሞቃል ወይ? ኦሪዮንስ ኮከብ ነው?

ጠያቂያችን፣ ቀዩ ይበልጥ ይሞቃል ብለው መገመትዎ አያስገርምም፤ የቤታችን ቧንቧ እንኳ ሙቁን ውኃ በቀይ፣ ቀዝቃዛውን በሰማያዊ ያመለክታል። በከዋክብት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አንጥረኛ ቤት ገብተው ብረት ሲግል አይተው ከሆነ መጀመሪያ ይቀላል፣ እሳቱ ሲበረታ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይጠጋል። ኮከብም እንዲሁ ነው፤ ከነጩም የባሰ የሚግለው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

በጥር ምሽት ቀና ብለው ተርታ የቆሙትን ሦስት ከዋክብት ይፈልጉ። የኦሪዮን ቀበቶ ናቸው። ከእነርሱ በስተሰሜን ቀላ ብሎ የሚታየው ቤተልጉዝ ነው፤ የላይኛው ገጹ ሙቀት ወደ 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በስተደቡብ በሰማያዊ ነጭ የሚያበራው ራይጀል ግን ወደ 12,000 ይጠጋል። የእኛ ፀሐይ 5,500 አካባቢ ናት። ልዩነቱን ያለ መነጽር፣ በዓይን ብቻ መለየት መቻሉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል!

ኦሪዮን ራሱ ኮከብ አይደለም፤ ህብረ ኮከብ፣ ማለትም ከምድር ሲታዩ አንድ ላይ ቅርጽ የሚሠሩ ከዋክብት ስብስብ ነው። ሰማዩ በይፋ ከተከፈለባቸው 88 ክልሎች አንዱ ነው። ከዋክብቱ ከምድር ሲታዩ ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ ርቀታቸው በመቶዎች በሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ይለያያል።