ለጀማሪ ተንከባካቢዎች፦ መጀመሪያ «እርስዎ» በሉ

ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ጎልማሶች ለመንከባከብ እዚህ ጎንደር ሥልጠና ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

በወጣትነቴ አዘዞ ወደሚገኝ አንድ ቤት እመላለስ ነበር። የቤቱ ልጅ የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከልደታቸው ጀምሮ እጃቸውም አንደበታቸውም አልታዘዘላቸውም። እኩዮቻቸውን «ጋሼ» የምለው እኔ እርሳቸውን «አንተ» እላቸው ነበር፤ የምጠይቀውም እናታቸውን ነው፤ «በልቷል? ምን ይፈልጋል?» እያልሁ። ቡና ሲቀርብ ትንፋሻቸውን በአጭሩ ወደ ውስጥ ይስባሉና የደረት ሕመም መስሎኝ ለወራት ስመዘግብ ቆየሁ። አንድ ቀን እናታቸው ሳቅ ብለው «አወ እያለህ እኮ ነው» አሉኝ። ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ስበን «አወ» እንላለን፤ ከእርሳቸው ግን ይህን አልጠበቅሁም።

ስለዚህ ወንበር ስባችሁ በዓይናቸው ትክክል ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ከዚያም በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። በአንጎል ጉዳት ምክንያት ጡንቻቸው በፍጥነት የማይታዘዝላቸው ሰዎች መልሱን እያዘጋጁ ሳለ ጥያቄውን ብትደግሙት እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምራቸዋል። ንግግር ለማይገባቸው ደግሞ ዕቃ ይናገራል፤ ከመታጠብ በፊት ፎጣውን፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ በፊት ነጠላውን በእጃቸው አስይዙ፤ ዕቃው ግን በየቀኑ አይለዋወጥ። ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 2 በመዳሰስ መግባባትንና ሌሎች አማራጭ ዘዴዎችንም ተግባቦት ይላቸዋል።

በሥልጠና ላይ እርስ በርሳችሁ ተጎራረሱ፤ የሚጎርሰው አይናገር፣ እጁንም አያንቀሳቅስ። ማንኪያው ሳይነገረው አፉ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሰማው አንድ ጊዜ የቀመሰ ሠልጣኝ ፊት ማዞርን «እልኸኝነት» ብሎ ለመጻፍ አይቸኩልም። ድንገት የተለወጠ ጠባይም የጥርስ፣ የጆሮ ወይም የሆድ ድርቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል «ዐመሉ ነው» ከማለታችሁ በፊት ይመርመሩ።

ከሁሉም በፊት ግን ደብተር ያዙ፤ «እንዲህ ሲያደርጉ፣ እንዲህ ማለታቸው ነው፣ እኛም እንዲህ እናደርጋለን» ብላችሁ ከቤተሰቡ እየጠየቃችሁ ጻፉ። እኔ አልጻፍሁም። እናትየው ካረፉ በኋላ ወደዚያ ቤት ስሄድ አዲሷ ተንከባካቢ ጀበናውን አቅርባ፣ ለትንፋሻቸው የሚሆን መድኃኒት እንዳዝዝላቸው ለመነችኝ።